ሚስቱ የማትፈቅድለት ሳክስፎኒስት

የምሠራው መነጽር ቤት ነው። ሐኪም ያዘዘውን መስታወት እሞርዳለሁ፣ ፍሬም ውስጥ እገጥማለሁ፣ እወለውላለሁ። ሥራ እንዴት ነው ሲሉኝ "ጥሩ ነው" እላለሁ። መጥፎም አይደለም። ምንም አይደለም።

ከዚህ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሳክስፎን ተጫውቻለሁ፤ ሰርግ፣ ሆቴል፣ ምረቃ፣ የተገኘው ሁሉ። ሁለተኛዋ ልጃችን ስትወለድ "ትንሽ ጠና እስክትል" ብዬ አቆምኩ። ይኸው ጠናች፤ አሁን ትከራከረኛለች። የሚናፍቀኝ ጭብጨባው እንዳይመስላችሁ። እቃ ጭነን ስንሄድ መኪና ውስጥ የነበረው ወሬ ነው። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ሰውዬ ከየሰርጉ አማት ይመርጥልን ነበር፤ ሚስት ሳይሆን አማት። መነጽር ቤት ውስጥ ማንም በማንም አይቀልድም።

የባንዱ መሪ ድራመሩ ነው። ሙዚቃውን ስለሚያስሮጥብን "ችኮላ" እንለዋለን። ካቆምኩ በኋላ መጀመሪያ የደወለልኝ ጊዜ፣ ሰው በሌለበት ሳክስፎኑን አውጥቼ ሞከርኩት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሬ ዝሎ ከዳኝ። መልሼ አልጋ ሥር ከተትኩትና "ባለቤቴ አትፈቅድም" አልኩት። ከዚያ ወዲያ በደወለ ቁጥር ያቺኑ ደገምኩለት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ። እሷ ስለዚህ ነገር ወሬውንም አልሰማችም።

ባለፈው ቅዳሜ ችኮላ ሱቃችን መጣ። የዘፈኖቹን ዝርዝር ማንበብ አቅቶት መነጽር ሊያሠራ ነው። እሱ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣ ባለቤቴ የላላውን የልጃችንን መነጽር ልታስጠብቅ ገባች። ብድግ አለላት።

"እህቴ፣ ክፉ ሰው እንዳልሆንሽ አውቃለሁ" አላት። "ለአንድ ቀን ብቻ አውሺን። ሳክስፎን የሚጫወተው ልጅ ጥሎን ሄደ፣ ነገ ደግሞ ሰርግ አለብን።"

"ማንን ነው የማውስህ?"

"እሱን ነዋ። እንደማትፈቅጂለት ነግሮናል፤ ግን ለአንድ ቀን እንኳ…"

እኔ መስታወቴን መሞረድ ቀጠልኩ። ማሽኑ ይጮኻል፣ እግዜር ይስጠው። እሷ አንዴ አየችኝና "እንነጋገርበታለን" አለችው። ሰው ፊት አላዋረደችኝም።

ቤት ስንገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"የችኮላ ሚስት መንገድ ላይ ስታየኝ ፊቷን የምታዞርብኝ ለዚህ ነው?" አለች። "የሌሎቹም ሚስቶች? ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ስንት ጊዜ እንደተብሰለሰልኩ ታውቃለህ?"

ማፈር ነበረብኝ። ምንም አልተሰማኝም። የመስታወት ብናኝ የገባበትን ጥፍሬን እያየሁ ቆምኩ።

"ከንፈሬ ሄዷል" አልኳት። "መጫወት አልችልም።"

"ታዲያ ይህንኑ አትላቸውም?"

"እሱን ካልኩ አበቃ፤ ሁለተኛ አይደውሉልኝም።"

ስልኩን አቀበለችኝ። "ደውል። ስሜን መልስልኝ።"

ለችኮላ ደወልኩ። አንድም ቀን ከልክላኝ እንደማታውቅ፣ እኔው ራሴ መጫወት እንዳቃተኝ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

"እሷን ይቅርታ ጠይቅልኝ" አለኝ። ከዚያ ያው ችኮላ አይደል፣ ወዲያው ቀጠለ። "እንግዲያው ሳክስፎኑን ልቀቅልን። አንድ ጎበዝ ሰው አውቃለሁ፤ ግን የራሱ መሣሪያ የለውም። አንተ ዘንድ ተቀምጦ ምን ይሠራል?"

እውነቱን ነው፣ ምን ይሠራል? "ና ውሰደው" ልለው አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣ አለ። ስድስት ዓመት ደንዝዤ የኖርኩት ሰውዬ፣ ስልክ ይዤ እንባ ተናነቀኝ።

ስልኩ ከሩቅም ይሰማል፤ ባለቤቴ ሁሉንም ሰምታለች። ተነስታ ከእጄ ወሰደችው።

"እኔ ነኝ" አለችው። "ሳክስፎኑ ከዚህ ቤት አይወጣም። አልፈቅድም።"

ዘጋችውና የተሰጣውን የልጆቹን ልብስ ልትሰበስብ ወጣች።