በሁዳዴ ሥጋ ያማረው ድመት

ድመቱን ስልክ ላይ የጫንኩት እናቴን ዝም ለማሰኘት ነው። ምን ልዋሽ! ፒያሳ ወርቅ ቤት ቆሜ ስውል በየሰዓቱ እየደወለች "ምሳ በላሽ? መቼ ትመጫለሽ?" ስትለኝ ያንገሸግሸኝ ነበር። አባዬ ከሞተ ወዲህ እግሯም ታሞ ብቻዋን ቤት ትውላለች። የድመት ማሳደግ ጨዋታውን የጫንኩበትን አሮጌ ስልኬን ሰጠኋትና "በይ እሱን አሳድጊ" አልኳት።

ድመቱ ደግሞ ጉድ ነው። ሲያሹት ያንኮራፋል፣ ሲያጥቡት ያገሳል፣ ጎመን ሲያቀርቡለት ራሱን ነቅንቆ ጀርባውን ይሰጣል። አንዴ ካኮረፈ ደጋግመው ካልደባበሱት ፊቱን አያዞርም። እማዬ በሳቅ ፍርስ አለች።

"ቁርጥ አባትሽ!"

አባዬም ሲቆጣ ወደ ግድግዳ ዞሮ ይተኛ ነበር። እሱን ትጠራው እንደነበረው ድመቱን "ጋሼ" ትለው ጀመር፤ አንቱ እያለች። እኔንም ተወችኝ። እፎይ አልኩ።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ሥጋ ከለከለችው። "በእኔ ቤት ማንም አይገድፍም!" አለች። ጎመንና ቲማቲም ብቻ ሆነ። እሱም አኮረፈ፣ ከሳ፣ በመጨረሻ ቴርሞሜትር አፉ ውስጥ ከትቶ ተኛ። እማዬ ወርቅ ቤት ድረስ ደውላ "ታመመብኝ" ብላ አለቀሰች፤ ያውም ደንበኛ ፊት ቆሜ።

የዚያን ዕለት ደክሞኝ ስገባ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነችው። ደሜ ፈላ።

"ሥጋ ስጪዋ! አባዬንም እንዲህ አድርገሽ ነው የገደልሽው!"

አባዬ የሞተው በሁዳዴ ነው። ሐኪሙ ወተትና እንቁላል ይውሰድ ብሎ ነበር፤ እሷ "ፋሲካ እኮ ደረሰ" እያለች ሳታቀምሰው ቀረች። ይህን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። እኔ ብቻ የማውቀው ግን አለ። ያኔ እግሯ ደህና ነበርና አንድ ጠዋት ጊዮርጊስ ኪዳን ልታደርስ ስትወጣ፣ ተደብቄ ወተት አፍልቼ አቀረብኩለት። "አልገድፍም፤ ውሰጂልኝ" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ አልነገርኳትም። እና እሷ እንዳልገደለችው እያወቅኩ ነው ያን የተናገርኩት። እንዲያማት ፈልጌ ነው።

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች።

በስቅለት፣ ሰው ውሃ እንኳ በማይቀምስበት ቀን፣ ከስግደት ስመለስ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በጣቷ ሥጋውን ወደ ድመቱ አፍ ትገፋለች።

"ይብሉ ጋሼ፤ ይብሉልኝ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።"

ድመቱ ይጎርሳል፣ ያገሳል፣ ደግሞ አፉን ይከፍታል።

ስታየኝ ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። ዓይኗ አብጧል።

"በላልኝ እኮ። አሁን አይሞትም አይደል?"

የወተቱን ነገር ያኔ ልነግራት እችል ነበር። "አይሞትም" አልኳትና እግሬን ልታጠብ ወጣሁ።