ሜዳ ላይ የተገዛ ሚኒባስ

ሰርካዲስን የማያውቅ የሚዛን ተፈሪ ሾፌር አልነበረም። ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት፣ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮዋ ሰው የማያነጋግር ቁርስ ቤት ነበረቻት። ጎህ ሳይቀድ ትከፍታለች፤ ፍርፍሩን፣ ጨጨብሳውን፣ ሻዩን ታቀርባለች። ማን ስኳር እንደሚያበዛ፣ ማን ከባለንብረቱ ተጣልቶ መኪና እንዳስረከበ፣ የትኛው ሚኒባስ ሞተር እንዳወረደ፣ ወሬው ሁሉ በእሷ ጠረጴዛ ሳያልፍ አይሄድም። የሰው ባል ሁሉ ከእጇ በልቶ ሲወጣ የራሷ ባል እንድርያስ ግን በዚያች ሰዓት የት እንደሚበላ አታውቅም።

እንድርያስ ዕድሜውን ሙሉ የነዳው የሰው መኪና ነው። ከሚዛንና ከቴፒ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ያደርሳል፤ ሲመለስ ሲሚንቶ ወይም ብረት ይጭናል። ቤቱ የሚገባው ሊታጠብና ሊተኛ ነው። ፈጣሪ ልጅ አልሰጣቸውም፤ እዚያ ቤት የሚጠበቅ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው። አንድ ክረምት፣ ጠዋት ከእሷ ዘንድ ሻዩን ጠጥቶ እየቀለደ የወጣ ሾፌር ቦንጋ ሳይደርስ ገደል ገባ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ በጮኸ ቁጥር የእንድርያስን መርዶ ሊነግሯት ይመስላታል።

አባቷ አርፈው ጌጫ ከተማ ያለው ቤታቸው ለእሷ ሲደርስ ታዲያ ብዙ አላሰበችም። ዘመድ አዝማድ አከራዪው፣ አድሺው እያለ ሲመክራት፣ እሷ በልቧ የያዘችው ሚኒባስ ነበር። እንድርያስ ጠዋት ቴፒ ሄዶ ማታ እቤቱ የሚገባበት፣ የራሱ የሆነ መኪና።

ሐሳቧን ያካፈለችው አዲሱ ለሚባለው የመኪና ደላላ ነው። አዲሱ የዘወትር ደንበኛዋ ነበር፤ ሲበላ ይመርቃታል፣ ሲወጣ ያሞግሳታል። ብዙ ሳይቆይ አንድ ነጭ ሚኒባስ፣ ሾፌሮች ዶልፊን የሚሉትን ዓይነት፣ ቁርስ ቤቷ በር ላይ አምጥቶ አቆመ። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ሊሄድ ስለቸኮለ ነው የሚሸጠው አላት። መኪናው ያብለጨልጫል። ወንበሩ ላይ ገና ላስቲኩ አለ። አዲሱ ከጎኑ አስቀምጧት ከሚዛን ወደ አማን በአስፋልቱ ላይ ወሰዳት። ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ መንገዱም ሜዳ ነው። መኪናው እንደ ውሃ ፈሰሰ።

ሰርካዲስ ከሾፌሮች ጨዋታ የለቀመችው ዕውቀት ስላላት ጥያቄ ጠየቀች። "ጉልበቱስ?"

"ጉልበቱ?" አለ አዲሱ። "ሦስት ሺህ ሲሲ ነው እኮ፣ ሰርኬ። ይሄ ዳገት ሲያይ እልህ ነው የሚይዘው።"

እንድርያስ እስኪመጣ ልትጠብቅ ፈልጋ ነበር። አዲሱ ግን ከቴፒ አንድ ነጋዴ ነገ ሊያየው እንደሚመጣ፣ እሱ ራሱ ለእሷ ብሎ ደብቆ እንዳቆየው ነገራት። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ባሏን ማስደነቅ አማራት። ዕድሜ ልኩን "የማን መኪና ነው የምትነዳው?" ሲባል የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን በሩን ከፍቶ የራሱን መኪና ቆሞ ቢያይ ምን እንደሚል ስታስብ እንቅልፍ አጣች። የጌጫው ቤት ተሸጠ። ቁርስ ቤቷንም ወለላ ለምትባል ጎረቤቷ ለቀቀችላት፤ ከእንግዲህ ባለመኪና ናት፣ ማታ ማታ ደግሞ ራት የምታቀርብለት ባል አላት።

እንድርያስ በመጣ ቀን ግቢው በር ላይ ቆሞ ቀረ። ሰርካዲስ ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችው። መኪናውን አንዴ ዞረው፤ ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ የበሩን ማጠፊያ አየ። ቀጥሎ እንደ ሾፌር ልማዱ የፊቱን ወንበር አንስቶ ሞተሩን ተመለከተ። ጎንበስ ብሎ ቆየ። እሷ ከኋላው ቆማ ትጠብቃለች፤ ጀርባውን ብቻ ነው የምታየው። ቀና ሲል ወንበሩን በዝግታ መለሰና እጁን በሱሪው ጠረገ።

"ጥሩ ነው" አላት። "እግዜር ይስጥልኝ።"

አቅፏት ቆመ። ያን ቀን ከእሷ የበለጠ ደስተኛ ሰው ሚዛን ውስጥ አልነበረም።

እንድርያስ የቡና መኪናውን ለባለንብረቱ አስረክቦ የሚዛን–ቴፒን መስመር ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ነገር እንዳሰበችው ነበር። ማታ ይገባል፤ አብረው ይበላሉ። ነገር ግን አገባቡ እየዘገየ መጣ። ምግቡን ይነካካና ይተወዋል። ሌላው ሚኒባስ ተመልሶ ሁለተኛ ምልልስ ሲወጣ እሱ ገና ከመጀመሪያው አልተመለሰም። ምነው ስትለው ተሳፋሪ ጠፋ፣ ጎማ ተነፈሰ፣ መንገዱ ጭቃ ነው ይላታል። አንድ ቀን ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ ገባ። ሾፌር ጭቃ ውስጥ ምን ያደርጋል ብላ ገረማት፤ ግን አልጠየቀችም።

በመኸር ማብቂያ ላይ ቴፒ ያለች የአክስቷ ልጅ አረፈችና ሰርካዲስ ለልቅሶ ተሳፈረች። ፊት ለፊቱን ሁለት መንገደኞች ቀድመው ይዘውት ስለነበር እንድርያስ ሊያስነሳላት ቢል እምቢ ብላ ኋላ ተቀመጠች። መኪናው ሞልቷል። ያካፋል። ሸኮን ሊደርሱ ሲሉ ካለው ዳገት ሥር መኪናው ማቃሰት ጀመረ፤ እንድርያስ ማርሽ ቀነሰ፣ ደግሞ ቀነሰ። ያኔ አንድ ያልጠበቀችው ነገር አየች። ተሳፋሪው ማንም ሳይነግረው ይዘጋጃል። አንዱ ሱሪውን ያጥፋል፤ አንዷ ልጇን ታዝላለች። መኪናው ሲቆም ረዳቱ ቃል ሳይተነፍስ በሩን ከፈተ፤ ሰው ሁሉ ወረደ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀሩ።

ሰርካዲስም ወርዳ ከሰዉ ጋር ዳገቱን ተያያዘችው። ሽማግሌውን ብቻ የያዘው መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ ከእግረኛው እምብዛም ሳይፈጥን ከፊታቸው ይንፏቀቃል። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች እያወሩ ይወጣሉ።

"ሚስቱ ናት አሉ የገዛችው" አለች አንደኛዋ።

"እና አልነገራትም?"

"ምን ብሎ ይንገራት? የአባቷን ቤት ሸጣለት።"

ሰርካዲስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አደረገች። ወደ ኋላ ሳትዞር፣ ሳትፈጥን፣ እንደ ማንኛዋም መንገደኛ ዳገቱን ጨረሰች። ከላይ ሲሳፈሩ እንድርያስ በመስታወቱ ፈለጋት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እስከ ቴፒ ድረስ መልሶ አላያትም።

ቴፒ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ እሷ መኪናው ውስጥ ቀረች።

"መቼ ነው ያወቅኸው?" አለችው።

"የመጣሁ ቀን። ወንበሩን ሳነሳ።"

የድሮውን ሞተር አውጥተው ሸጠውታል፤ በምትኩ የገባው ትንሽ፣ ያረጀ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ነው ሲል አስረዳት። ለሜዳ ይሆናል። ለዚህ አገር አይሆንም።

"እያወቅህ ጥሩ ነው አልከኝ።"

"ፊትሽን አየሁዋ" አለ። "ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገም ያው ፊትሽ ነበር።"

ልትቆጣ ፈለገች፤ በማን ላይ እንደምትቆጣ ግን አላወቀችም። ያን ቀን ቢነግራት አዲሱን ገና ገንዘቡ ሳይበተን ይይዙት ነበር። ያን ቀን ቢነግራት ደግሞ በሕይወቷ ያገኘችው ያ አንድ ደስታ ባልኖረ። ልቅሶ ቤት ስትደርስ አለቀሰች፤ ከሟች እናት ይልቅ አምርራ ስላለቀሰች ሰው ተገረመ፤ እንዲህ ይዋደዱ ነበር እንዴ ያለም አልጠፋ።

አማን ያለው መካኒክ ሱሀይብ ሞተሩን ፈትቶ አየው። ደግ ሰው ስለሆነ እንዳይዋሻቸው፣ እንዳያሳዝናቸውም ሲጨነቅ ቆየ። በመጨረሻ "ጥጃ ነው ለእርሻ የጠመዱት" አላቸው። ማስተካከል አይቻልም፤ ያለው መድኃኒት ትልቁን ሞተር ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ ፈልጎ መቀየር ነው። እሱ ደግሞ እነሱ የማይደርሱበት ነገር ነበር።

አዲሱን ሽማግሌ ፊት አቆሙት። አዲሱ አልካደም፤ አላፈረምም። ዓይታ፣ ተሳፍራበት፣ ወዳ ነው የገዛችው አለ። እኔ ደላላ ነኝ፣ የሞተሩን ሆድ አላይም፤ ሻጩ የነገረኝን ነገርኳት አለ። ሻጩ ዘንድ ሲደወል ስልኩ ዝግ ነው። የዕድሩ ዳኛ አቶ ኃይለሚካኤል ነገሩን ግራና ቀኝ መዝነው፣ ልጄ፣ ሰው ምላሱን ብቻ ይዞ ሲቀርብ ምን ብለን እንፈርድበታለን አሏት። ሲበተኑ አዲሱ ተከትሏት መጣ፤ ድምፁም እንደ ድሮው ለስላሳ ሆነ። እኔ ያመጣሁብሽን እኔው አነሳልሻለሁ፣ ገዢ አመጣለሁ፣ ያው ወደ አማን እንነዳለታለን፣ አለ።

ገዢዋ ከቴፒ መጣች። ለተብርሃን የምትባል ቅመም ነጋዴ ናት፤ ኮረሪማና ዝንጅብል ትነግዳለች። ስትናገር ቶሎ ቶሎ ነው፤ ገና ስትቀመጥ ስለ ልጇ ጀመረች። ልጇ ሥራ አጥቶ በሱዳን በኩል ሊሄድ ሲያስብ ስለደረሰችበት፣ መኪና ገዝታ ልታስቀረው ነው። እንድርያስ ይነዳል፤ አዲሱ ከጎኑ፤ ሰርካዲስና ለተብርሃን ኋላ ተቀምጠዋል። አስፋልቱ ያው አስፋልት ነው። መኪናው እንደ ውሃ ይፈሳል።

"ጉልበቱስ?" አለች ለተብርሃን።

"ይሄ ዳገት ሲያይ እልህ ነው የሚይዘው" አለ አዲሱ።

ሰርካዲስ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የእንድርያስን ማጅራት ታያለች። ዝም ብትል ማታውኑ ነፃ ናት። ቁርስ ቤት ትከፍታለች፣ አንድ ቀን ምናልባት ደህና መኪና ይገዛሉ።  አማን ደርሰው ሊዞሩ ሲሉ ለተብርሃን እጇን ያዘቻትና "ይቅናሽ በይኝ እህቴ፣ ልጄን አስቀረሁት" አለቻት።

"ዳገት አይወጣም" አለች ሰርካዲስ። "ሞተሩ ተቀይሯል። ሸኮ ላይ ሰው ወርዶ ነው የሚሄደው።"

አዲሱ ዞሮ ሳቀ። ባለቤትየዋ ሆዷ አልቆረጠም፣ የሌላ ገዢ ወሬ ሰምታ ይሆናል፣ አለ። ሰርካዲስ እውነቷን እንደሆነ ደጋግማ ብትነግራት፣ ዳገቱ ላይ ወስጄ ላሳይሽ ብትላት፣ ለተብርሃን ጭራሽ ፊቷ ጠቆረ። ማን ነው የራሱን ዕቃ የሚያጣጥል? "መሸጥ ካልፈለግሽ ቀድመሽ አትነግሪኝም? ለምን ከቴፒ ድረስ ታንከራትቺኛለሽ?" ብላ ወረደች። እንድርያስ መሪውን እንደያዘ ነበር። ባለመናገሩ ልትወቅሰው አሰበች፤ ግን የእሱም ከንፈር ሊናገር ተከፍቶ እንደነበር በመስታወቱ አይታለች።

ከዚያ ወዲያ መኪናውን የሚያሻሽጥ ደላላ ጠፋ። አዲሱ የሚለው ለሁሉም ደርሷል፤ ያቺ ሴት ገበያ ታበላሻለች። ነገሩን የማያውቅ የሌላ አገር ገዢ ቢጠይቅ እንኳ አንዱ ጠጋ ብሎ ይመልሰዋል። በዳገቱ መስመርም ተሳፋሪው ሌላ መኪና መምረጥ ጀመረ። ሰው ስንት ጊዜ ጭቃ ረግጦ ይከፍላል?

አንድ ምሽት እንድርያስ የቀድሞ ባለንብረቱ እንደደወለለት ነገራት። ቡና ጫኙን የሚነዳለት አጥቷል። ለሞተሩ የሚሆን ነገር እስካገኝ ብቻ ነው አላት። ሰርካዲስ ቀና ብላ አላየችውም። አትሂድ ብትለው ግቢ ውስጥ የቆመ መኪና እያዩ አብረው ሊራቡ ነው፤ ሂድ ብትለው ያንን መንገድ በገዛ አፏ ልትመርቅለት ነው። ልብሱን አጥፋ በሻንጣው ከተተችለት።

ሚኒባሱን ለተቀጣሪ ሾፌር ሰጥታ እሷው ረዳት ሆነች። ከሚዛን አማን፣ ከአማን ሚዛን። በሩ ላይ ቆማ ተጣራች፣ ሒሳብ ተቀበለች። ባጃጅ በዚያ መንገድ ተሳፋሪ ስለሚሻማ ብዙ አይገኝበትም፤ ነዳጁንና የሾፌሩን ደሞዝ ሸፍኖ ለሽሮ ይተርፋል። ወለላ ቁርስ ቤቱን አስፋፍታ ቴሌቪዥን ሰቅላበታለች፤ ሰርካዲስ ሻይ ስትጠጣ ሒሳብ አትቀበላትም።

በጥር ወር ከቦንጋ ተደወለላት። እንድርያስ ወባ ጥሎት መኪናውን አቁሞ አልጋ ቤት ተኝቷል። ሰርካዲስ በራሷ ሚኒባስ አጠገብ አልፋ የሰው ሚኒባስ ተሳፈረች። ስትደርስ ትኩሳቱ ጋብ ብሎለት ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል። ከስቷል። ጅማ አንድ ሞተር እንዳለ ሰምቻለሁ፣ ባለቤቱ እስከ ፋሲካ ይጠብቀኛል ብሏል፣ አላት።

"ተወው፣ ቤት እንግባ" አለችው።

"ቡናው ተጭኗል እኮ።"

በላብ የራሰ ሸሚዙን አጥባ መስኮቱ ላይ ሰጣችው። ቦንጋ ደመና ስለነበር እስከ ማግስቱ አልደረቀም። እንድርያስ እርጥቡን ሸሚዝ ለብሶ፣ መሪውን ጨብጦ፣ ትንሽ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና ሞተሩን አስነሳ። እሷ ከመንገዱ ማዶ ተሻግራ ወደ ሚዛን የሚሄድ መኪና ትጠብቅ ጀመር።