የሚስቴን መሳቢያ የፈተሽኩ ጊዜ

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በር ላይ አስቆሙኝና "ልጄ፣ እጅህን ሰብስብ" አሉኝ።

"ምን አደረግኩ እማማ?"

"ክንዷን አይቻለሁ። ዓይኔ አልጠፋም" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሚስቴን መትቻት አላውቅም። ክንዷ ላይ ያዩት ግን እውነት ነበር። በዚያ ሰሞን የበር ጠርዝ ሲነካት፣ ጄሪካን ስታነሳ፣ አንዳንዴም ምንም ሳይነካት ገላዋ ይበልዝ ነበር። የምንኖረው ቀጨኔ፣ አምስት ቤት በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው፤ የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማል። ከዚያ ቀን በኋላ ሰላም ስላቸው የሚመልሱልኝ ሚስቴን እያዩ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በውፍረት ነው። እኔ አዲሱ ገበያ አካባቢ አናጢ ነኝ፤ እሷ ቤት ሆና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ፊቷ ሲሞላ ሰው ሁሉ "ተመቸሽ" ይላት ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ቀስ በቀስ ግን ፊቷ ክብ ሆኖ ቀላ። ሆዷ እየገፋ እግሮቿ ቀጠኑ። የቤታችንን ዳገት ሦስቴ ሳታርፍ አትጨርሰውም። ከስፌት ወንበሯ ለመነሳት ጠረጴዛውን መደገፍ ጀመረች። የወር አበባዋ ሲቀር አርግዛ መስሎን ነበር፤ አልነበረም። በትንሽ ነገር ትቆጣለች፣ ወዲያው ደግሞ ታለቅሳለች።

ጤና ጣቢያ መጀመሪያ ደም ግፊት፣ ቀጥሎ ስኳር አሏት። መድኃኒቱን እየዋጠች ግፊቱ አልወርድ አለ። "እንቅስቃሴ አድርጊ" ብለው ሲመልሷት፣ "ዳገቱስ ምንድን ነው?" አለችኝ። ልትስቅ ሞክራ አቃታት።

በመጨረሻ ወደ ሆስፒታል ተላክን። እዚያ የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ልብሷን ከፍ አድርጋ ሆዷን አየች። በግራና በቀኝ ጎኗ ሐምራዊ መስመሮች ነበሩ፤ እኔ ባሏ አይቻቸው አላውቅም። ሐኪሟ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ሰውነቷ ውስጥ ሳይበዛ እንዳልቀረ ነገረችን።

"ከበዛ ደግሞ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብን። ሕክምናው እንደ ምንጩ ነው" አለች። "ብዙ ጊዜ ከውጭ ነው የሚገባው። ለመወፈር ተብሎ የሚሸጥ ክኒን፣ ፊት የሚያቀላ ክሬም፣ መርፌ... የወሰዱት ነገር አለ?"

"ምንም የለም" አለች ሚስቴ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። "አንዳንዱ መድኃኒት መሆኑን ሳያውቅ ነው የሚጠቀመው። እስቲ ቤት ስትገቡ አብራችሁ ተመልከቱ።"

አብራችሁ ነበር ያለችው። እኔ ግን ሚስቴ ቅዳሴ እስክትሄድ ጠበቅኩ። ቦርሳዋን ገለበጥኩ፣ ፍራሹን አነሳሁ፣ በመጨረሻ የስፌት ጠረጴዛዋን መሳቢያ ከፈትኩ። ከክሮቹ ሥር ጽሑፍ የሌለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አገኘሁ፤ ውስጡ ነጭ ቅባት አለ። ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፊቷ ላይ ያዝኩት።

"ይሄስ?"

"ለእጄ ነው። ጨርቁ ሲያደርቀኝ የምቀባው።"

"ለሐኪሟ ለምን አልነገርሽም?"

"የእጅ ቅባት ነዋ! ምን ብዬ ልንገራት?"

"ሰው እየሞተ ይደብቃል?" ብዬ ጮህኩ። ግቢው በሙሉ ሰምቶኛል።

እሷ አልጮኸችም። "አንተ ስትታማ በየበሩ እየዞርኩ አልነካኝም ብያለሁ" አለች። "እኔን ግን አንተ..." አልጨረሰችውም። ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

በቀጠሯችን ቀን ቅባቱን ይዤ አብረን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ አገላብጣ አየችው። "ምን እንዳለበት ስለማይታወቅ ይተዉት። ግን ምርመራው ራሱ ይነግረናል። ሆርሞኑ ከውጭ እየገባ ከሆነ የራሳቸው እጢዎች ሥራ ያቆማሉ፤ ኮርቲሶላቸው ዝቅ ይላል" አለች። የሃያ አራት ሰዓት ሽንት እንድታጠራቅም ትልቅ ዕቃ ሰጠቻት። የጋራ ሽንት ቤት ላለው ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ሚስቴ ዕቃውን በነጠላ ሸፍና ቀኑን ሙሉ ተመላለሰች፤ ፍሪጅ ስለሌለን ቀዝቃዛ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀመጠችው። ጤነኛ ሰው ላይ ሆርሞኑን ዝቅ የሚያደርግ ክኒንም ማታ ውጣ ጠዋት ደም ሰጠች።

ኮርቲሶሏ በሁለቱም ምርመራ ከፍተኛ ሆኖ መጣ። "ሆርሞኑን የሚሠራው የራሳቸው ሰውነት ነው" አለች ሐኪሟ። "ቅባቱ አይደለም።"

ሚስቴ ወደ እኔ አልዞረችም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ የቀረው የትኛው እጢ እንደሆነ መለየት ነበር። ከኩላሊት በላይ ያሉትን እጢዎች የምታዛቸው አንጎል ሥር ያለች ሌላ ትንሽ እጢ ናት አለችን። የደም ምርመራው ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ ጨርሶ ዝቅ ማለቱን አሳየ፤ እንግዲህ ከታች ያለው ማንም ሳያዘው እየሠራ ነው ማለት ነው። ሲቲ ስካን ተነሳች፤ ከግራ ኩላሊቷ በላይ እብጠት ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ወጣ፤ ካንሰር አልነበረም።

ዳነች ብዬ ደስ ሲለኝ የባሰ ደከመች። ሌላኛው እጢ ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ ስለነበር እስኪነቃ ድረስ ያንኑ ሆርሞን በክኒን መውሰድ ነበረባት። መገጣጠሚያዋን ያማታል፣ ግማሽ ቀን ትተኛለች። ከወራት በኋላ ፊቷ ወደ ቀድሞው መጣ፣ ግፊቷም ወረደ፣ ገላዋም መበለዙን ተወ። ጎረቤታችን አቅፈው ሳሟት። ለእኔ ምንም አላሉኝም።

አንድ እሑድ ይቅርታ ጠየቅኳት። ድንች እየላጠች ነበር።

"ያስከፋኝ መፈለግህ አይደለም" አለችኝ። "መጀመሪያ ልትጠይቀኝ ትችል ነበር። ብትጠይቀኝ መሳቢያውን ራሴ እከፍትልህ ነበር።"

"ይቅር በይኝ።"

"ብዬሃለሁ" አለችና ልጣጩን ሰብስባ ወጣች።

አሁንም ለክትትል አብረን እንሄዳለን። ታክሲ ውስጥ ስለምትሰፋው ዩኒፎርምና ስለ ቤት እናወራለን። ስሟ ሲጠራ ግን ቦርሳዋን ይዛ ብቻዋን ትገባለች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አልነሳም። ስትወጣ "ምን አለችሽ?" እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ሁሉንም ትነግረኛለች። አንዳንድ ቀን "ደህና ነኝ" ትለኛለች፣ በዚያው ወደ ታክሲው እንሄዳለን።