የጎረቤት ግመል ወተት

ይህ ያጋጠመኝ ጦርነቱ ወሎ በገባበት ዓመት፣ ሐርጌሳ ከተማ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል። ሆኖም ሰው በስልክ «ደህና ነን» ባለኝ ቁጥር ያቺ ወተት የሞላባት ትንሽ ብልቃጥ ፊቴ ትመጣለች።

ስሜ ሞላ ነው፤ ወደ ሐርጌሳ የሄድኩት ለግንባታ ሥራ ነበር። አያሃ በሚባለው የከተማው ዳርቻ ብሎኬት ስሸከም ቆይቼ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር በሚገኝ አነስተኛ የእንስሳት ላቦራቶሪ በጽዳት ተቀጠርኩ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ብቻ ነው። ግን ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ወረቀት በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ማንበብ እወድ ስለነበር፣ ሐኪሙ ዶክተር ጉሌድ ቀስ በቀስ ናሙና መውሰድ አስተማረኝ። የአገሩ ሰው ነው፤ ትምህርቱን የጨረሰው ኢትዮጵያ ስለሆነ ግን የምናወራው በአማርኛ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ከታመመ እንስሳ ወተት ወይም ከቁስል ፈሳሽ ይወሰድና ጀርሙ ሳህን ላይ እንዲበቅል ይደረጋል። ከዚያ በተለያየ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበታል። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ጀርም የሌለበት ቀለበት ይታያል። ጀርሙ መድኃኒቱን ከተላመደው ግን ወረቀቱ ጥግ ድረስ ይበቅላል። በጎረቤት አገሮችም ይኸው ሥራ በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ውጤቱ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ይሰበሰባል። ከብትና ግመል ድንበር አያውቁም፤ ጀርማቸውም አያውቅም።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ጠና ያሉ ሴት በራችን ላይ ቆሙ። ስማቸው ሳህራ ነው፤ ሁሉም «ኤዶ ሳህራ» ይላቸዋል። ኤዶ በሱማሊኛ አክስት ማለት ነው።

«ሐበሻው፣ ሐኪሙ አለ?» አሉኝ በአማርኛ። ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ሳይስቁ ቀጠሉ። «ግመሌ ልትሞት ነው። ወጓት፣ ወጓት፤ መርፌው አልሰማ አላት።»

ባላቸውም ልጃቸውም ሞተዋል። ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩት የዚያችን ግመል ወተት ከተማ ውስጥ በመሸጥ ነበር። ግቷ አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ከገበያ የተገዛው መድኃኒት ሁሉ አልበጃትም። ሳትሞት ለሥጋ ልግዛት የሚል ደላላም በየቀኑ መመላለስ ጀምሯል።

ዶክተሩ ናሙና እንዳመጣ እሳቸው ወደሚኖሩበት ወደ አያሃ ላከኝ። ግመል የማታውቀው እጅ ከነካት ወተቷን ትይዛለች። በመጀመሪያ ግልገሏ ይጠባና ወተቱ ሲወርድላት የምታውቀው ሰው ያልባታል። ስለዚህ በደንባችን መሠረት የሚያልቡት ባለቤቷ ናቸው፤ የእኔ ድርሻ ማሳየት ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል። የጡቱ ጫፍ በአልኮል ይጠረጋል። መጀመሪያ የሚወጣው ወተት ይደፋል። የብልቃጡ አፍ በጣት አይነካም። ነገሩን እንዳይንቁት ብዬ፣ ውጤቱ ከሌሎች አገሮች ውጤት ጋር እንደሚነጻጸርም ነገርኳቸው።

«ሌሎች አገሮች ያዩታል?» አሉ።

«አዎ ኤዶ።»

ትንሽ አሰቡ። «እሺ። አንተ እዚያ ቁም፤ አንተ ካለህ አትሰጠኝም» ብለው በእሾህ አጥሩ ጀርባ ጠፉ። ቆየት አሉብኝ። ሲመለሱ ብልቃጡን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ተቀብዬ በረዶ ውስጥ ከተትኩት።

ሳህኑ ላይ ምንም አልበቀለም። ዶክተሩ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ደጋግሞ አየው።

«ይህንንማ እኔም እጠጣዋለሁ» አለ። «ጀርም ከሌለ የምሰጣት መድኃኒት የለኝም። ለሴትዮዋ እውነቱን ልንገራቸው፤ ከምትሞትባቸው ይሽጧት።»

አብረን ሄድን። ደላላው ቀድሞን ደርሶ አጥሩን ተደግፏል። «ዶክተር፣ ቶሎ ንገራት፤ ቢላዬን ስዬ መጥቻለሁ» አለ በሱማሊኛ።

ዶክተሩ ወተቱ ውስጥ ምንም እንዳልተገኘ ሲናገር የኤዶ ሳህራ ፊት በራ።

«አልሐምዱሊላህ! አገሬን አላሳፈርኩም።»

«እንዴት?»

«ምን እንዴት አለው? ከጎረቤቴ ግመል አልቤ ነዋ የሰጠሁት! እሷ በሽታ አታውቅም።»

ዶክተሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «ኤዶ፣ እኔ የፈለግኩት የበሽተኛዋን ነው።»

«ደም ያለበት ወተት ለሰው ይሰጣል? ያውም አገር ላገር ለሚዞር ዕቃ? የሐርጌሳ ሰው የሚጠጣው ይህን ነው እንዲሉን? እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትረግመኛለች!»

ቢለምናቸውም እምቢ አሉ። በዚያ አገር ለእንግዳ የሚሰጥ ወተት ነውር ካለበት ነውሩ የሰጪው ነው። ብልቃጡን ደግሞ ከእንግዳም በላይ አክብረውታል። ዶክተሩ ያለ ናሙና በግምት ልውጋት እንደማይል አውቃለሁ፤ ጀርሞቹ እየተላመዱ ያስቸገሩን በግምት በሚወጋ መርፌ ነው። ደላላው ገመዱን እያጠነጠነ ነበር።

እኔ ብዙ አልናገርም። ያን ጊዜ ግን «ኤዶ፣ እኛ አገር በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። «አውቀዋለሁ። ሐርጌሳ በቦምብ ስትፈርስ በእግሬ አገርህ ገብቼ ስደተኛ ሆኜ ኖሬያለሁ። አማርኛውንም እዚያ ነው የለመድኩት።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «ሰዎችህ የት ናቸው?»

«ወሎ።»

«እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

ይህን መልስ ለሁሉም እሰጥ ነበር። ዳሚ በሚባል ሰፈር በአንድ ኪራይ ክፍል አብረውኝ ለሚኖሩት ጓደኞቼም፣ ለዶክተሩም።

ኤዶ ሳህራ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሬዲዮ እኔም እሰማለሁ። አየህ? አንተም ከጎረቤት ግመል ነው ያለብክልኝ።»

ዶክተሩ አቀረቀረ። አማርኛ የማያውቀው ደላላ ብቻ ፈገግ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ነገርኳቸው። ጦርነቱ እኛ አካባቢ ከደረሰ ጀምሮ ስልክ እንደተቋረጠ፣ አባቴ እግሩን ታሞ ሩቅ መሄድ እንደማይችል፣ በመጨረሻው ስልክ እናቴ «ሁሉም ደህና ነው» ስትለኝ ከጀርባዋ ሰው ሲያለቅስ እንደሰማሁ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«ስደት ላይ ሆኜ ስለ ባሌ ስጠይቅ፣ ከኋላ የሚመጡት ሁሉ ደህና ነው ይሉኝ ነበር» አሉ ኤዶ። «አዝነውልኝ ነው። እኔ ግን አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። ለሞተ ሰው እራት እያስቀመጥኩ ከረምኩ። እሱን ይቅር አልላቸውም።»

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ብልቃጡን አምጣ። ና፣ ጠጋ በል። አንተ እያየህ ልለባት።»

የወጣው ወተት ሮዝ ነበር፤ ረጋ ረጋ ያለ ነገር አለበት። ጎረቤት እንዳያይ በሻርፓቸው ጠርዝ ሸፍነው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ሰጡኝ። «ታዲያ ግመሏን ልውሰዳት?» አለ ደላላው በሱማሊኛ። «አንተ ሂድና ቢላህን ሽንኩርት ክተፍበት!» አሉት።

በዚህኛው ሳህን ላይ ጀርሙ ሞልቶ በቀለ። ገበያው ሁሉ በሚወጋው መድኃኒት ዙሪያ ቀለበት የሚባል የለም። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ዙሪያ ግን ጥርት ያለ ክብ ነበር። ዶክተሩ በዚያ አከማት። ከአራቱ የግቷ ክፍሎች ሁለቱ ደርቀው ቀሩ፤ ሁለቱ ዳኑ። መድኃኒቱ ከደሟ እስኪወጣ ወተቷን አይሽጡ ስላላቸው ኤዶ አልሸጡም። ደላላው ሌላ በር ፈለገ።

ውጤቱን ሰንጠረዡ ላይ ስናስገባ የእኛን አካባቢ ፈለግኩት። ከዚያ በፊት ከወሎ ውጤት ይመጣ ነበር። አሁን መስመሩ ባዶ ነው።

«በሽታ የለም ማለት ነው?» አልኩ፤ መልሱን እያወቅኩ።

«ባዶ ማለት ደህና ማለት አይደለም፣ ሞላ» አለኝ ዶክተሩ፤ እጁንም ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

ስልክ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘኋት እህቴን ብርቄን ነው። ድምፄን ስትሰማ «ሞልዬ! ሁላችንም ደህና ነን፤ እንዳታስብ» አለች፤ ትንፋሽ ሳትወስድ። ዱሮ ቢሆን ተመስገን ብዬ ስለ እህልና ስለ ዝናብ እጠይቅ ነበር።

«ብርቄ፣ ደህናውን ተዪልኝ» አልኳት። «ያመመውን ንገሪኝ።»

ማልቀስ ጀመረች። ቤተሰቡ ሲሸሽ አባታችን መንገድ ላይ ማረፉን፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር መቅበራቸውን ነገረችኝ። ሊደብቁኝ ተማምለው ነበር።

ዳሚ ያሉት ጓደኞቼ ለቅሶ ተቀመጡልኝ። በማግስቱ ኤዶ ሳህራ ከአያሃ መጡ። ለክርስቲያን ለቅሶ እንዴት እንደሚገባ ከበር ላይ ጠይቀው፣ ጫማቸውን አውልቀው አጠገቤ ተቀመጡ። ሲነሱ ይዘውት የመጡትን ወተት አቀበሉኝ።

«ከራሴ ግመል ነው» አሉ። «ጠጣ።»

ዛሬም እዚያው ሥራ ላይ ነኝ። ብልቃጥ ስሰጥ መጀመሪያ የምናገረው ስለ አልኮሉ አይደለም፤ «የታመመችውን እለቡልኝ፣ አላፍርባችሁም» እላለሁ። የአባቴ ሐዘን እስካሁን አልወጣልኝም፤ አፈር ሳላለብሰው መቅረቴ ያንገበግበኛል። ነገር ግን አዲስ ሰው ከወሎ በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ወጥቼ አልቆምኩም። ለዚህ ኤዶ ሳህራን አመሰግናለሁ።