የጉጉቷ ቀለበት

ወፍ ማየት የጀመርኩት ከቤቴ በረንዳ ላይ ነው። የምኖረው ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ አንድ አሮጌ የእንጨት ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ላይ ስቆም ፊት ለፊቴ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጽዶች፣ ከበታቼ ደግሞ የኬክ ቤቱ ጠረጴዛዎች ይታዩኛል። አንድ ያገለገለ ባይኖኩላር ከገዛሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ወደምሠራበት ፋርማሲ ከመሄዴ በፊት፣ ጽዶቹ ላይ የሚያርፉትን አያለሁ። ጭልፊት አለ፤ መንቆረ ወፍራም ቁራ አለ፤ ኅዳር ሲገባ ደግሞ የሩቅ አገር ብርድ ሸሽተው የሚመጡ፣ መሬት ላይ እየተራመዱ ጭራቸውን የሚወዘውዙ ቢጫ ወፎች አሉ።

የኬክ ቤቱ ደንበኞች ግን ወፍ እንደማይ አላመኑም። አንድ ቀን ማኪያቶ ልጠጣ ስገባ አስተናጋጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህት፣ ለማን ነው የምትሠሪው?» አለኝ።

እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ለሚስቶች» አልኩት።

በማግስቱ ደጅ መቀመጥ የሚወዱት ጎልማሶች ጠረጴዛቸውን ወደ ውስጥ አዛወሩ። አንደኛው እንዲያውም በሳምንቱ ከባለቤቱ ጋር መጣ፤ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ወደ በረንዳዬ ቀና ብሎ ጎንበስ እያለ ሰላምታ ሰጠኝ። እኔም ባይኖኩላሩን ዝቅ አድርጌ፣ «አይቻለሁ» እንደማለት ራሴን ነቀነቅኩለት።

ጉጉቷ የመጣችው የኅዳር ብርድ ጥርስ ማንቀጫቀጭ በጀመረበት ሰሞን ነው። ከኮርኒሴ በላይ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ የተነሣበት አንድ ቀዳዳ አለ። አንድ ቀን ጀንበር እንደጠለቀች ከገመድ ላይ ልብስ ስሰበስብ አንድ ነጭ ነገር ያለ ምንም ድምፅ በራሴ ላይ አለፈ። ፊቷ ልብ ይመስላል፤ ጀርባዋ የወርቅ ቤት መስኮት ይመስላል። ከዚያ ጮኸች። ብዙ ሰው ጉጉት «ኡ ኡ» የምትል ይመስለዋል። ይህቺኛዋ ግን አቡጀዴ ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ በማይክሮፎን ነው የምትለቀው።

ከበታቼ የሚኖሩት ጋሼ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነው ያሉት፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ሳል ጠንቶባቸው ነበር። ጠዋት ደረጃውን ስወርድ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ጠበቁኝ።

«ሰማሻት?»

«ማንን ጋሼ?»

«እሷን ነዋ! ስሜን ጠራች።»

«እኔ የሰማሁት ‹ሽርርር› ስትል ነው። የእርስዎ ስም እንደዚያ አይደለም።»

«አትቀልጂ። ሰው ይምጣና ቀዳዳውን በቆርቆሮ ይድፈነው። ውስጥ ከቀረችም ትቅር።»

ውስጥ እንድትቀር አልፈለግኩም። ጋሼን በሳይንስ እንደማልረታቸው ደግሞ አውቃለሁ፤ ለሳላቸው ሽሮፕ ስሰጣቸው እንኳ አሽትተው የሚመልሱ ሰው ናቸው። ስለዚህ በራሳቸው መንገድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እስቲ ያስቡት። እርስዎን ብትፈልግ ኖሮ ታች አትገባም ነበር? ያረፈችው ከማን ራስ በላይ ነው?»

አሰቡ። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ፤ ቀጥለው እኔን አዩ። ሳላቸው ለአፍታ ቆመ።

«ውይ!» አሉ በሐዘን፤ ፊታቸው ግን በራ። «እሱስ እውነትሽን ነው።»

ቆርቆሮው በዚያው ተረሳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጋሼ እንደ ተሰናባች ያዙኝ። ጠዋት ደረጃው ላይ ትኩስ ሻይ በብርጭቆ ይጠብቀኛል። ስንነታረክበት በኖርነው የውኃ ታንከር ላይ፣ «እንደልብሽ ተጠቀሚ ልጄ፤ አሁን ምን አስጨነቀሽ» አሉኝ። አንድ እሑድ ቤቴ ገብተው ሻይ ሲጠጡ ቁም ሣጥኔን ትኩር ብለው አይተው፣ «ይሄ ለማን ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ለእርስዎ ነው ጋሼ።»

«እግዜር ይስጥሽ» አሉና በበራቸው በኩል ያልፍ እንደሆን በክንዳቸው ለኩት።

አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ሥራው ወፍ የሆነ አንድ ጓደኛ አለኝ። ፈቃድ አውጥቶ ወፎችን በመረብ ይይዝና እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀላል ቀለበት አስሮ ይለቃቸዋል። ወፏ ሌላ አገር ብትገኝ ከየት እንደመጣች የሚታወቀው በዚያ ነው። ስለ ጉጉቷ በነገርኩት ቀን ከተማ መሀል ጉጉት ቀለበት አስሮ እንደማያውቅ ነግሮኝ በደስታ ሊሞት ደረሰ።

ቀን ሊቆርጥ ሲደውልልኝ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ኔትወርክ የሚኖረው እዚያ ጥግ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በጩኸት ነው።

«ቅዳሜ ይሁን!» እላለሁ። «ቀለበቱን አንተ ይዘህ ና! ... የለም፣ ሰው አልጠራሁም፤ ሰው ከበዛ ትደነግጣለች! ... አዎ፣ ጀንበር ስትጠልቅ! ቶሎ አስረህ ትጨርሳለህ!»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ታች ሳይ ጋሼ ደጃቸው ላይ ጎድጓዳ ሳህን እንደያዙ ደንዝዘው ቆመዋል።

«ቅዳሜ?» አሉ።

«ቅዳሜ።»

«ቀለበት?»

«ቀለበት።»

ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቷል። «ይሁን፤ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ደስ ይበልሽ» ብለው ገቡ። እኔም ሳቄን አፍኜ ገባሁ። ቅዳሜ ጉጉቷን ሲያዩ የሚኖራቸውን ፊት እያሰብኩ ስደሰት ሰነበትኩ። አክስቴ እኔን «እንዲጠብቁላት» ስልክ ቁጥሯን ለጋሼ እንደሰጠቻቸው የሚያውቅ ማን ነበር?

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጓደኛዬ መጣ። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው፤ ትከሻው ላይ የመረብ ጥቅል፣ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሯል። መረቡን ቀዳዳው ፊት ዘርግቶ ሲጨርስ ወደ ግቢው ወርደን ጀንበሯን ስንጠብቅ የግቢው በር ተንኳኳ። ጋሼ ሮጠው ከፈቱ። ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰዋል። አክስቴ በሐበሻ ቀሚስ፣ ከኋላዋ ነጠላ ያጣፉ ሁለት የሰፈሯ ሽማግሌዎች፣ ከሽማግሌዎቹ በአንዱ እጅ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ።

አክስቴ ሳመችኝና በጆሮዬ፣ «ለብቻሽ? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አለችኝ። ቀጥላ ጓደኛዬን ከጭቃው እስከ ባትሪው ለካችው።

መናገር ነበረብኝ። ግን እንዲህ ያለ ነገር በሕይወት ስንቴ ይገጥማል?

አክስቴ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። «ልጄ፣ ቀለበት ስታስር የመጀመሪያህ ነው?»

ጓደኛዬ ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ ነፍሱ ነው። «ኧረ አይደለም እማማ! ብዙ አስሬያለሁ። ቁጥራቸውንማ እንጃ።»

ዳቦ የያዙት ሽማግሌ ዳቦውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

«ብዙ?»

«አምና ሐይቅ ዳር ስንከርም ጠዋት ጠዋት ሥራዬ እሱ ነበር።»

«ካሰርክስ በኋላ?»

«እለቃቸዋለኋ! ይዞ ማቆየትማ ነውር ነው። አንዳንዶቹ ሩሲያ ድረስ ይሄዳሉ። የታደሉት በዓመቱ ይመለሳሉ።»

አክስቴ የምትቀመጥበት ነገር በእጇ ፈለገች። ጋሼ በርጩማ አቀበሏት።

«የዛሬዋንስ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«የዛሬዋማ ትለያለች!» አለ ጓደኛዬ። «ፊቷ ብቻ በቂ ነው። ጥፍሯ ነው አስቸጋሪው። ደግሞ በዓይኔ ገና አላየኋትም፤ ኮርኒስ ውስጥ ነው አሉ የምትኖረው።»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። በሳቄ መሀል፣ «ለጉጉት ነው እቴቴ... ቀለበቱ ለጉጉት ነው» ማለት ቻልኩ።

መጀመሪያ የሳቁት ዳቦ የያዙት ሽማግሌ ናቸው። አክስቴ አልሳቀችም።

«ለጉጉት! ለጉጉት ድፎ አስደፋሽኝ!»

ልትቀጥል ነበር፤ ጓደኛዬ ግን ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ከላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ የጥፍር ድምፅ ይሰማል። ሁላችንም ዝም ብለን ደረጃውን ወጣን። ጋሼም ወጡ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ብቻቸውን ታች መቅረቱን ፈርተው ይሆናል። ሰማዩ ገና አልጨለመም። ነጩ ፊት በቀዳዳው ብቅ አለ፣ ግራ ቀኝ አየ፣ ዘለለ፤ መረቡም እንደ ዘንቢል ተቀበላት።

ጓደኛዬ በሁለት እጁ ቀስ አድርጎ አወጣት። አንድ ሰው መብራት መያዝ ነበረበትና ቅርብ የተገኘችው አክስቴ ስለሆነች ባትሪው እሷ እጅ ገባ። ተቆጥታለች፤ ግን መብራቱን በደንብ ነው የያዘችው። ጓደኛዬ ቀለበቱን ከኪሱ አውጥቶ እግሯ ላይ አደረገውና በጉጠት ጠቅ አድርጎ ገጠመው።

አክስቴ በሕይወቷ ቀለበት ሲታሰር አይታ ዝም ብላ አታውቅም። አፏ ቀደማት።

«እልልልልልል!»

ጉጉቷ ክንፏን ዘረጋች፤ አንድ እግሯን አስለቀቀችና አጠገቧ ያገኘችውን የጋሼን ኮት እጅጌ ጨመደደች። ጋሼ ደርቀው ቀሩ። ፊታቸውና ፊቷ መካከል አንድ ስንዝር ነው ያለው። እሷ መንቆሯን «ጠቅ ጠቅ» ታደርጋለች፤ እሳቸው አይተነፍሱም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዱ አለቀብኝ፤ ልባቸው ቢቆምስ ብዬ ፈራሁ።

«አይንቀሳቀሱ ጋሼ፤ አሁን አስለቅቅዎታለሁ» አለ ጓደኛዬ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። «ስንት ዓመቷ ነው?»

ጓደኛዬ አንድ ክንፏን ዘርግቶ ላባዎቹን በመብራቱ አየ። «ገና ልጅ ናት። ዓመት ቢሞላት ነው።»

«ባለቤቴ ያረፈች ለት እዚህ ጣሪያ ላይ አንዲት ስትጮኽ ነበር። ስንትና ስንት ዓመት ሆነው።»

«እንግዲያው ይህቺ ያኔ አልተወለደችም።»

ጋሼ ይህን ለረጅም ጊዜ አሰቡት። ጉጉቷም የምትጠብቃቸው ትመስል ነበር።

«በሰው ጥፋት ነዋ የጠላኋት» አሉ በመጨረሻ። ነፃውን እጃቸውን አነሡና በአንድ ጣታቸው የክንፏን ጫፍ ዳሰሱ። ዕድሜ ልኩን ጨርቅ የነካ ጣት ነው፤ ተመልሶ ደገመው። «ከፋይ ነው! እናንተ፣ ንጹሕ ከፋይ ነው እኮ!»

«ስትበር የማትሰማው ለዚያ ነው» አለ ጓደኛዬ።

ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ከኮቱ ነቀለና በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሞ እጁን ከፈተ። ክንፏን ሁለቴ ብቻ አርገበገበችና ከጣሪያዎቹ በላይ ወደ ጽዶቹ ተንሳፈፈች። ታች ኬክ ቤቱ ውስጥ ማንም ቀና አላለም።

ድፎው ተቆረሰ። አክስቴ እኔን አታናግረኝም፤ ጓደኛዬን ግን ታናግረዋለች። ባለትዳርና የልጆች አባት መሆኑን ስትሰማ አንዴ ተከዘች፤ ወዲያው ደግሞ እሱ የሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ ያላገቡ ስንት እንዳሉ ጠየቀችው። ታክሲ ላሳፍራት አራዳ ድረስ ስሸኛት ገና ዝም እንዳለች ነበር። ታክሲው ሊነሣ ሲል በመስኮት ብቅ ብላ፣ «አሁን ለዘመድ ምን ብዬ ልንገር? ለሁሉም ደውያለሁ እኮ!» አለችኝ።

«ቀለበት ታስሯል በያቸው። ውሸት የለበትም።»

እውነትም እንደዚያው አለቻቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬ በእንኳን ደስ አለሽ ተጨናነቀ። አንዲት ዘመዳችንማ፣ «ሙሽራው ጸጥተኛ ነው አሉ፤ ቀን ቀን አይታይም» ብላ አጣራች። እኔም፣ «ሥራው የማታ ነው» አልኳት።

ጋሼ ሽሮፑን መጠጣት ጀምረዋል፤ ሳላቸውም ቀለል ብሏል። የኮቱን እጅጌ ቀዳዳ ግን አልጠቀሙትም፤ ለሚመጣው ሁሉ ያሳያሉ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል በርጩማቸውን ደረጃው ላይ አውጥተው ይቀመጣሉ። ባለፈው ማክሰኞ ትንሽ ዘገየች መሰለኝ፣ በሬን አንኳኩ።

«እስካሁን አልወጣችም። አሟት ይሆን?»

«ትወጣለች ጋሼ።»

አላመኑኝም። ሹራቤን ደርቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ብዙም ሳንቆይ ቆርቆሮው ተንኮሻኮሸ፤ ነጯ ፊት ብቅ አለች፤ በላያችን ላይ ያለ ድምፅ አልፋ ወደ ጽዶቹ ሄደች። ጋሼ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፤ በርጩማቸውን አነሡ።

«ነገ ቀደም ብላ ትውጣ በያት» አሉኝ። «ከባድ ብርድ ነው።»