«ሙሉዬ ክፈቺው»ን ከፍላሹ ያጠፋሁ ጊዜ

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ሸዋ በር ያለችው ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ለእሁድ ሠርግ ዘፈን እየመረጥኩ ነበር። ስልክ እጠግናለሁ፣ ፍላሽ ላይ ዘፈን እጭናለሁ፣ ሠርግ ሲኖር ደግሞ ስፒከሬን ይዤ ሄጄ አጫውታለሁ።

«ሙሉዬ ክፈቺው» ላይ ስደርስ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ዘፈኗን ታውቋታላችሁ... አደራ ስላለብኝ ግን ስሙንም ግጥሙንም ቀይሬዋለሁ። እንዲህ በሏት፦

ሙሉዬ ክፈቺው፣ ደጅ አታሳድሪኝ፣
ድምፄን እያወቅሽው፣ ማነህ አትበዪኝ።

እኔ እስከዚያ ቀን የማውቀው የፍቅር ዘፈን መሆኗን ነው። ያኮረፈችውን ልጅ በሯ ላይ ቆሞ የሚለማመጥ ጎረምሳ... እሷ ያልተዘፈነችበት ሠርግ አላውቅም።

ቀና ስል አንዲት እናት ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ስልሳ አምስት ግድም ይሆናቸዋል።

«የእሁዱን ሠርግ የምታጫውተው አንተ ነህ አሉኝ። ሙሽራዋ የልጅ ልጄ ናት።»

«አዎ እማማ፣ ይግቡ።»

«ይቺን ዘፈን አጥፋልኝ።»

ድምፁን ቀነስኩት።

«መቀነሱን አይደለም ልጄ... ከሠርጉ አውጣልኝ።»

ሳቄ መጣ። «እማማ፣ እሷን ካላጫወትኩማ ሚዜዎቹ ስፒከሬን ይሰብሩታል!»

አልሳቁም። «ሙሉ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ሙሉ የሚባል ሰው በየቤቱ አለ። ስማቸው ስለሚጠራ ያፈሩ መስሎኝ ወንበር ሰጠኋቸው። ተቀመጡና ነገሩኝ።

አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ያኔ ወጣቱ በሚታደንበት ሰሞን። ቤታቸው ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድማቸው ይፈለግ ስለነበር ተደብቆ ሰንብቷል። እሱን ፍለጋ ቤቱ በአንድ ሳምንት ሁለቴ ተፈትሿል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ሰዓት እላፊው ሊገባ ሲል በራቸው ተንኳኳ።

«'ሙሉዬ ክፈቺው' ሲል የወንድሜን ድምፅ ለየሁት። ልከፍት ስነሳ አባቴ ክንዴን ያዘኝ። 'ወታደር ከኋላው ካለ ሁላችንንም ይጨርሱናል፣ እንዳላወቀ ሰው ማነህ በዪው' አለኝ በሹክሹክታ። እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች...»

«እና አሉት?»

«አልኩት። ማነህ? አልኩት። 'ሙሉዬ፣ ድምፄን እያወቅሽው ማነህ ትዪኛለሽ?' አለኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። አልደገመም። ከዚያ ኮቴውን ሰማሁት... ሄደ።»

ጠዋት ፈላና በር ጋ፣ ግንቡ ሥር ሬሳው ተጥሎ ተገኘ። ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደላቸውም።

ዘፈኗ ከየት መጣች አልኳቸው። ለካ ክራር የሚለማመድ ጎረቤት ነበራቸው፣ በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን። ሁሉንም ሰምቷል። ኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ዘፋኝ ሲሆን፣ እውነቱን ቢዘፍን ስለሚያስገድለው የፍቅር አስመስሎ አወጣት።

«አንዴ መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። 'እኔም ሰምቼ አልከፈትኩም' አለኝ። ምን ልበለው? እሱ ዘፍኖ ወጣለት። እኔን ግን በየሠርጉ 'የሙሉ ዘፈን' እያሉ መሀል ያስገቡኛል።»

«ልጆችዎ አያውቁም?»

«የተገደለ አጎት እንዳላቸው ያውቃሉ። እኔ ማነህ ማለቴን አያውቁም። አንተም እንዳትነግራቸው፣ አደራ።» ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ስንት ሠርግ ላይ ጨፍሬባታለሁ። በዚህች ልጅ ሠርግ ላይ ግን... አልችልም።»

እያዩኝ ከፍላሹም፣ ከላፕቶፑም፣ ከስልኬም አጠፋኋት። መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ትልቅ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

እሁድ ድንኳኑ ጢም ብሏል። አንዱ ሚዜ መጣ።

«ሙሉዬን ልቀቃት እንጂ!»

«ፋይሉ ተበላሽቷል።»

«ከዩቲዩብ አውጣታ!»

«ኔትወርክ የለም።»

የራሱን ስልክ ሲያቀብለኝ ደግሞ ገመዱ አልሠራ አለ አልኩት። ውሸት አለቀብኝ... ሌላ ዘፈን ከፍ አድርጌ ለቀቅኩና ተገላገልኩ ስል፣ ሙሽራዋ ራሷ ተነስታ መጥታ ማይኩን ወሰደች።

«አያቴ የምትወዳትን ዘፈን ሳልዘፍንላት ከዚህ ቤት አልወጣም!»

እልልታው ቀለጠ። ጀመረች። ማይኩን ዘጋሁት... ማንም ልብ አላለውም። ድንኳኑ በሙሉ በአፉ ተቀብሏት ነበር። አንድ የጎረቤት አባት «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያሉ ያጨበጭባሉ። የእማማ ሙሉ ልጆች እናታቸውን ግራና ቀኝ ይዘው አስነሷቸው።

እማማ አንዴ ወደ እኔ አዩ። ልጮህ ቃጣኝ... ግን ምን ብዬ? «ተዉአቸው» ብል ለምን ሊሉኝ ነው። ለምን ካሉኝ ደግሞ አደራው አለ።

ሙሽራዋ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ «ድምፄን እያወቅሽው» ስትላቸው፣ ፈገግ ብለው ትከሻቸውን መቱላት። እንባቸው ወረደ። ቪዲዮ ቀራጩ ጠጋ ብሎ ቀረጸው።

«ውይ፣ አያቷ በደስታ አለቀሱ!» አለች አጠገቤ የቆመች ሴት።

ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ እማማ ሙሉ ድንኳኑ ጥግ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ደስ ብሏት ነው የሄደችው አይደል?»

«አዎ እማማ። በጣም።»

«እንግዲያውስ ዝም በል ልጄ» አሉኝ።

ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር የቆምኩት... ላደርግላቸው የቻልኩት ይህንኑ ብቻ ነው።