የቡራዩው ማርሚታ

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ አገር ሲታመስ የእኛ ቤት ጭንቀት ሌላ ነበር። ወንድሜ በመኪና ውድድር የቡራዩውን ልጅ መቅደም አለበት። እኛ ሰበታ ጋራዥ አለን፣ የልጁ አባት ቡራዩ። ሁለታችንም አሮጌ ዲኤክስ አዘጋጅተን ሱሉልታ ላይ እንወዳደራለን፤ በተወዳደሩ ቁጥር የሚሸነፈው ወንድሜ ነው። እኔ መካኒኩ ነኝ። ሽንፈቱ ራት ላይ ሳይቀር ስለሚወራ ስልችት ብሎኝ ነበር።

የውድድር መኪና እንዲቀል የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ይፈታል። ስለዚህ እግር ከነዳጁ ሲነሳ እንደ ጥይት ይጮኻል፤ ከተማ መሀል አይነዳም፣ በአይሱዙ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ወንድሜ ደግሞ የእኛን ማርሚታ «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብሎ ለቁራሌው ሰጥቶታል።

የዚያን እሁድ መንገድ ላይ ጎማ እየነደደ ነው ተባለና የአይሱዙው ሾፌር ቀረ። መኪናው እንጀራው ነው፣ አልፈረድኩበትም። ወንድሜ ግን «ካልደረስኩ በፎርፌ ሊያሸንፈኝ ነው» ብሎ የዲኤክሷን መሪ ያዘ። ከእሱ ጋር መከራከር ሞተር ከማውረድ ይከብዳል። አጠገቡ ገብቼ ተቀመጥኩ።

በመናገሻ ዞረን ቡራዩ ስንገባ ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ከነዳጁ አነሳ። መኪናው ደጋግሞ ጮኸ። ሰው ተኩስ መሰለው። ሱቆች ተዘጉ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሮጡ። ነገሩ ሲገባቸው ወጣቶች ድንጋይ ይዘው ከበቡን። ፈራሁ፤ ከፍርሃቴ ግን እፍረቴ ባሰ። በዚያ ሳምንት እውነተኛውን ተኩስ ሰምተውት ነበር።

የልጁ አባት የጋራዣቸውን በር ከፍተው ወጡ። «ዲሳ፣ ኮንኮላታ ኬኛ» አሉ። ተዉት፣ የእኛ መኪና ነው ማለታቸው ነው። ወጣቶቹ ድንጋያቸውን ጥለው መኪናውን እየገፉ ወደ ውስጥ አስገቡልን። የእነሱ ዲኤክስ ሸራ ለብሶ እዚያው ቆሟል።

«ኦቦ፣ ሱሉልታ አልሄዱም እንዴ?» አለ ወንድሜ።

«ማን ይነዳልኛል? ልጁን ከተቃውሞ ሰልፉ ላይ ይዘው ወስደውታል።»

«የት ነው ያለው?»

«እየዞርኩ እየጠየቅሁ ነው።»

ወንድሜ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የልጃቸውን ማርሚታ አውርደው ሰጡኝ። «ግጠምላት፤ በዚህ ድምፅ ሰበታ አትደርሱም። እሱ ሲመጣ ትመልሱለታላችሁ።»

ገጠምኩት። ስንመለስ ማንም ዞር ብሎ አላየንም።

ዓመታት አለፉ። ዲኤክሷ ዛሬ የጋራዡን ዕቃ ታመላልሳለች። ጎረምሶች አንዳንዴ መጥተው «ማርሚታዋን አውልቃችሁ አንድ ጊዜ ለምን አንሞክራትም?» ይሉናል። ወንድሜ ቀና ብሎም አያያቸው።

«የሰው ዕቃ ነው» ይላል። «ባለቤቱ ሲመጣ ራሱ ያወልቀዋል።»